መድኃኒቴን ያስጣለኝ መጽሐፍ እንዴት እንዳሳመነኝ

ይህን የምጽፈው የጤናና የአነቃቂ መጻሕፍት ለምትወዱ ሰዎች ነው። እኔም እወዳቸዋለሁ፤ አሁንም አነባለሁ። ነገር ግን ከእነሱ አንዱ የደም ግፊት መድኃኒቴን አስጥሎኝ ዓይኔን ሊያሳጣኝ ነበር። ከዳንኩ በኋላ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አንቺን የመሰለች የተማረች ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ታምናለች?» ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ጥያቄው ያናድደኝ ነበር። አሁን በደንብ ልመልሰው እፈልጋለሁ። እንዴት እንደሚያሳምኑ ያወቀ ሰው ጥሩውን ወስዶ መጥፎውን መተው ይችላልና።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ግፊት እንዳለብኝ ያወቅኩት አርባ ዓመት ባለፈኝ ሰሞን ነው። መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኛው ነጻ ምርመራ አዘጋጅቶ ነበርና እኔም ክንዴን ዘረጋሁ። 165 በ105 አለ። ነርሷ ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ራስ ምታት የለኝ፣ ማዞር የለኝ። አባቴ የሞተው በስትሮክ ስለሆነ ቁጥሩን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ።

ሐኪም ጋ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ከሐኪሙ ጋር የቆየሁት ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ኤናላፕሪል ጻፈልኝ። «ጨው ቀንሺ። መድኃኒቱን ዕድሜ ልክሽን ትወስጃለሽ» አለኝና ቀጣዩን ሰው ጠራ። ደጅ ላይ የተኮለኮለውን ሕዝብ ስላየሁ ዛሬም አልፈርድበትም። ግን ጥያቄዎቼን ሁሉ ይዤ ነው የወጣሁት። ዕድሜ ልክ ሲል ምን ማለቱ ነው? ኩላሊቴን ይጎዳብኝ ይሆን? ሳያመኝ ለምን ክኒን እውጣለሁ? የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ትንሽ ቆይቶ ሳል ያዘኝ። ደረቅ ነው፤ አክታ የለውም፤ ማታ ጋደም ስል ይብሳል። ዝንጅብል በማር፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ያልሞከርኩት የለም። ከክኒኑ ጋር ይገናኛል ብዬ በፍጹም አልጠረጠርኩም፤ የነገረኝም ሰው የለም። ይህን ሳል ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጽሐፉን የሰጠችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ለእኔ አዝና ነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የጤና መጽሐፍ ነው። ስሙን አልጠራም። መሰሎቹ ብዙ ናቸው። ሜክሲኮና አራት ኪሎ አዟሪዎች ክንዳቸው ላይ ደርድረው ይዞራሉ፤ በቴሌግራም ደግሞ በፒዲኤፍ በነጻ ይላላካል። የአንዱን ስም ብጠራ ሌሎቹን ነጻ ያወጣሁ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ በሽታ አንድም ነገር አይልም፤ ስለ አንባቢው ነው የሚያወራው። ቃል በቃል ባይሆንም እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት ስትነሳ ድካምህ አልለቀቀህም። ለሌሎች ትኖራለህ፤ ለራስህ ጊዜ የለህም። ውስጥህ ገና ያልወጣ አቅም እንዳለ ይሰማሃል። ሐኪሞች ቁጥርህን አዩ እንጂ አንተን አላዩህም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳነብ አለቀስኩ። ለካስ የሚያውቀኝ ሰው አለ አልኩ።

ስለ በርትራም ፎረር ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው። አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ነው። በ1948 (እ.ኤ.አ.) ለ39 ተማሪዎቹ የባህርይ ፈተና ሰጠ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው «ይህ ያንተ ውጤት ነው» ብሎ ወረቀት አደለ። ወረቀቱ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠይቃቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ለሁሉም የሰጠው ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ ያውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የለቃቀመው። «ላይህ ላይ እርግጠኛ ትመስላለህ፤ ውስጥህ ግን ይጨነቃል» ብትሉት «እኔ አይደለሁም» የሚል ሰው የት ይገኛል? እናንተም የመጀመሪያው ምዕራፍ ልባችሁን ሲነካው አንድ ነገር አድርጉ። ያንኑ ገጽ ከእናንተ ፈጽሞ ለማይመሳሰል ሰው፣ ለታናሽ ወንድማችሁም ይሁን ለአለቃችሁ፣ አንብቡለት። እሱም «እኔን ነው» ካለ ጸሐፊው ስለ እናንተ ምንም አያውቅም ማለት ነው።

ቀጣዮቹ ምዕራፎች ጥሩ ነበሩ። ይህን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ጨው ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ፣ እንቅልፍህን አክብር፣ አልኮል ተው፣ አትክልት አብዛ ይላል። እኔም አደረግኩት። ከሥራ ስመለስ ከታክሲ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ መግባት ጀመርኩ። የሽሮውንና የወጡን ጨው ቀነስኩ። ክብደቴ ቀነሰ፤ ግፊቴም ወረደ። የአመጋገብ ለውጥ ግፊት እንደሚያወርድ በ1997 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ዳሽ በተባለው ጥናት ታይቷል። ግፊት ያለባቸው ሰዎች አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የቀነሰ የወተት ተዋጽኦ ሲያበዙ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 11 ያህል ወርዷል። የዓለም ጤና ድርጅትም አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። ግን አስቡት። የኔ ግፊት የወረደው በክኒኑም፣ በእርምጃውም፣ በጨው መቀነሱም ነበር። መጽሐፉ ምስጋናውን ለብቻው ወሰደ፤ እኔም ሰጠሁት። ከ165 ላይ 11 ብትቀንሱ 154 እንደሚቀር፣ ያም ገና ከፍተኛ እንደሆነ፣ በሙያዬ ቁጥር የማሰላ ሰው፣ አላሰላሁም።

በየምዕራፉ መጨረሻ ባዶ መስመሮች ነበሩ። «ዛሬ ለሰውነቴ የማደርገውን ሦስት ነገር እጽፋለሁ» ይላል፤ ጻፍኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ሰውነቴን አምናለሁ» ይልና የፊርማ ቦታ ይተዋል፤ ፈረምኩ። «ውሳኔህን ለቅርብ ሰው ንገር» ይላል፤ ለቢሮ ሰው ሁሉ ተናገርኩ። ሮበርት ቻልዲኒ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ስለ ማሳመን ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው ጽፎታል። ሰው በትንሽ ነገር እሺ ካለ፣ በተለይ በጽሑፍና በሰው ፊት ካለ፣ ከዚያ የሚከተለውን ትልቅ ነገር እምቢ ማለት ይከብደዋል። የፊርማ ቦታ ስታዩ ቆም በሉ። ገጹን አልፋችሁ ሂዱና ቀጥሎ የሚጠይቃችሁን እዩ። የሚጠይቃችሁ ትልቅ ነገር ከፊርማው በኋላ ነው የሚመጣው።

ለእኔ የመጣው ስለ መድኃኒት የሚያወራው ምዕራፍ ነው። መጽሐፉ ከተጋመሰ በኋላ። መጀመሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን ዘግቼ እመልሰው ነበር። እዚያ ስደርስ ግን ብዙ ገጽ ሙሉ «እውነቱን ነው» እያልኩ መጥቻለሁ፤ ለውጡንም በሰውነቴ አይቻለሁ። ምዕራፉ «መድኃኒት ምልክቱን ያፍናል እንጂ ሥሩን አይነቅልም» ይላል። «የመድኃኒት ኩባንያዎች ድነህ ማየት አይፈልጉም» ይላል። ቀጥሎ፦ «ሰውነትህ በሳል፣ በማሳከክ፣ በድካም በቃኝ እያለህ ነው።»

ሳል የሚለውን ሳነብ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አስተኛሁት። ሐኪሙ ያልነገረኝን፣ እኔም ያልጠየቅኩትን፣ መጽሐፉ አወቀልኝ። በማግስቱ ክኒኔን አልወሰድኩም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳሉ ጠፋ። ሙሉ ሌሊት ተኛሁ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን እፈልጋለሁ? መድኃኒቱ መርዝ ነበር፤ ሰውነቴ ነጻ ወጣ አልኩ።

እህቴ ስትሰማ ጮኸችብኝ። «አብደሻል? አባባን ረሳሽው?» አለችኝ። መጽሐፉ ግን ቀድሟት ነበር። «በጣም የሚወዱህ ሰዎች መጀመሪያ ይቃወሙሃል፤ የሚያወሩት የራሳቸውን ፍርሃት ነው» የሚል ገጽ አለው። ስለዚህ እህቴ በጮኸች ቁጥር መጽሐፉ ትክክል እየሆነ ሄደ። እሷ ስትቆጣ እኔ መደበቅ ጀመርኩ፤ «እየወሰድኩ ነው» እያልኩ እዋሻት ነበር። ቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ የሆነ ሰው ካለ ይህን ልለምናችሁ፦ አትጩኹበት፤ በመጽሐፉም አትሳለቁ። «ክኒኑ ምን አደረገህ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ሳሉን እነግረው ነበር። ከዚያ ደግሞ «ና አብረን እንለካ» በሉት። ቁጥር አይከራከርም፤ አያስቀይምም።

መለካቱንም ግን መጽሐፉ አስተወኝ። «ትኩረት የሰጠኸው ነገር ያድጋል፤ በሽታን በየቀኑ የሚፈልግ ያገኘዋል» ይላል። የግፊት መለኪያዬን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ማጅራቴን ሲይዘኝ «ይህ የመንጻት ምልክት ነው፤ መርዙ እየወጣ ነው» የሚለውን ገጽ አገላብጬ አነብ ነበር። አሁን ሳስበው በጣም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ከተሻለኝ መጽሐፉ አዳነኝ፤ ከባሰብኝ እየነጻሁ ነው፤ ካልተለወጠ እምነቴ ጎድሏል። የትኛውም ነገር ቢደርስብኝ መጽሐፉ አይሳሳትም። «ምን ቢሆን ነው ይህ ዘዴ እንዳልሠራ የማውቀው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጽሐፉ መልስ ከሌለው፣ እባካችሁ ሰውነታችሁን አትስጡት።

የሒሳብ ሰው የሆናችሁ ሐምሌን ታውቁታላችሁ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ቆጠራው፣ ሒሳብ መዝጋቱ፣ የኦዲተሩ ጥያቄ ይከተላል። አምሽተን ነበር የምንሠራው። አንድ ቀን ከሰዓት ኤክሴል ላይ ያሉት ቁጥሮች መደብዘዝ ጀመሩ። መነጽሬን ጠረግኩ። ግራ ዓይኔን በእጄ ስሸፍን ይጠራል። ቀኝ ዓይኔን ስሸፍን ግን 3ን ከ8 መለየት አልቻልኩም። ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል። መጽሐፉን የሰጠችኝ ያቺው ባልደረባዬ ናት ይዛኝ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሮጠችው። 220 በ130 ነበር። ከግራ ዓይኔ ጀርባ ያሉት ደም ሥሮች ደምተዋል። ግፊቱን በአንዴ ማውረድ አደገኛ ስለሆነ ቀስ በቀስ እያወረዱ አስተኙኝ።

በሌሊት ተረኛ የነበረው ወጣት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «መድኃኒቱን ለምን አቆሙት?» አለኝ። ቁጣ ነበር የጠበቅኩት።

«ያስለኝ ነበር» አልኩት።

«ደረቅ ሳል? ማታ የሚብስ?»

«አዎ።»

«እሱ የታወቀ የኤናላፕሪል ጠባይ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ይመጣል፤ ሲቆም ይጠፋል። ሌላ እንቀይርልዎታለን።»

ዝም ብዬ አየሁት። ይህን ለመናገር ደቂቃ አልፈጀበትም። አምሎዲፒን ሲጽፍልኝ ደግሞ «ይኼኛው እግር ሊያሳብጥ ይችላል። ካበጠ ይምጡና ይንገሩኝ፤ በራስዎ እንዳያቆሙ» አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ ሰው «ካሳለሽ ተመለሽ» ቢለኝ ኖሮ መጽሐፉ ያንን ገጽ ይዞ ቢመጣም አያገኘኝም ነበር። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ። ምን ሊያደርገኝ ይችላል? ያ ነገር ቢመጣ ምን ላድርግ? ካልተስማማኝ ሌላ ምርጫ አለ? ሐኪሙ ከተጣደፈ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ፋርማሲ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሐኪም ቤት ከሚገኘው የበለጠ ፋታ ይገኛል።

ሆስፒታል ተኝቼ ካሰብኩት ነገር አንዱን ልንገራችሁ። የታመምኩት ስለተጠራጠርኩ ነው ብዬ አመንኩ። በየቀኑ መስታወት ፊት «ጤነኛ ነኝ» እላለሁ፤ በልቤ ግን አባቴን አስባለሁ። መጽሐፉም «እንደ እምነታችሁ ይሁንላችሁ» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል ጠቅሶ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓይኔ ተጎድቶ እንኳ መጽሐፉን ነጻ አወጣሁት። ይህ አስተሳሰብ የብዙ መጻሕፍት መሠረት ነው። በ2006 (እ.ኤ.አ.) በፊልምም በመጽሐፍም ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው «ዘ ሲክሬት» ሐሳብህ የሚመስለውን ነገር ወደ ሕይወትህ ይስባል ብሎ ነው የሚያስተምረው። ታዲያ የታመመ ሰው በሽታውን ራሱ ስቦት ነው ማለት ነው? በ2009 (እ.ኤ.አ.) ጆአን ዉድ የተባለች ካናዳ የምትሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት አለ። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ ስሜታቸው ከመሻል ይልቅ ባሰ። ቃሉን ማለት ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ነው የሚጎዳው።

የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ሁሉን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢ» አሉኝ። ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን እግዚአብሔር ከምድር ፈጠረ፣ ብልህ ሰው አይንቀውም የሚል ነው። እምነትና ክኒን አይጣሉም አሉኝ። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ትልቅ ሸክም ነው የወረደልኝ።

ቤት ገብቼ ዓይኔ ትንሽ ሲሻለው መጽሐፉን በእርሳስ ደግሜ አነበብኩት፤ ምስር እንደሚለቅም ሰው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እያየሁ። እውነት የሆነው ላይ ጭረት፣ ማስረጃ የሌለው ላይ የጥያቄ ምልክት፣ ሰው ሊጎዳ የሚችለው ላይ መስቀል አደረግኩ። የመጀመሪያው አጋማሽ ጭረት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። መስቀሎቹ የሚጀምሩት ከዚያ ወዲያ ነው። ለሰዎቹ ጥያቄ መልሴ ይሄ ነው፦ ያመንኩት እውነት እያነበብኩ ስለመጣሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያገኘውን አመኔታ በኋለኞቹ ምዕራፎች ተጠቀመበት።

በእርሳስ ሳነብ ያየኋቸውን ሌሎች ነገሮች ደግሞ እንዲሁ ላካፍላችሁ።

ምስክርነቶቹን ተመልከቱ። «መድኃኒቴን ትቼ ዳንኩ» የሚሉ ደብዳቤዎች ገጹን ሞልተውታል። እኔም ክኒኑን ባቆምኩ ሰሞን፣ ሳሌ ጠፍቶ እንቅልፌ ሲመለስ ብትጠይቁኝ፣ ደስ ብሎኝ እጽፍ ነበር። ሐምሌ ላይ ግን ማንም ደብዳቤ ጻፊ አላለኝም። ስትሮክ የመታው ሰው፣ የሞተው ሰው ለጸሐፊው አይጽፍም። ስለዚህ «ዳንኩ» የሚል ሰው ስታነቡ መቼ የጻፈው እንደሆነ ጠይቁ፤ ዛሬ እንዴት ነው በሉ።

የጸሐፊውን ታሪክም አጣሩ። «ሐኪሞች ተስፋ ቆረጡብኝ፤ እኔ ራሴን አዳንኩ» የሚል ታሪክ እነዚህ መጻሕፍት ላይ አይጠፋም። አውስትራሊያዊቷ ቤል ጊብሰን የአንጎል ካንሰርን በምግብና በተፈጥሯዊ መንገድ እየታገልኩ ነው ብላ ዝነኛ ሆነች፤ መጽሐፍም አሳተመች። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ካንሰር ኖሮባት እንደማያውቅ አመነች። በ2017 ፍርድ ቤት 410,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት። መጽሐፉን ያተመው ትልቅ አሳታሚ ነበር፤ ግን ታሪኳን አላጣራም። እኔ «ታትሟል፤ ስለዚህ አንድ ሰው አይቶታል» ብዬ አስብ ነበር። መድኃኒት እኛ አገር ገበያ ከመግባቱ በፊት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። የጤና መጽሐፍ እንዲህ ያለ ምዝገባ የለበትም።

ይህን ክፍተት አውቀው የተጠቀሙበት አሉ። አሜሪካዊው ኬቨን ትሩዶ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የተለያዩ ምርቶችን በረጅም የቴሌቪዥን ማስታወቂያ እንዳይሸጥ ሲከለከል፣ መጽሐፍ ግን በሐሳብ ነጻነት ስለሚጠበቅ ለእሱ ተፈቀደለት። ከዚያም «እነሱ» እንድታውቁ የማይፈልጉት የተፈጥሮ መድኃኒት የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ በሚሊዮን ተሸጠ። በኋላ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሶ ስለ ክብደት መቀነሻ መጽሐፉ በማስታወቂያ ላይ ሰውን በማሳሳቱ በ2014 የ10 ዓመት እስር ተፈረደበት። «እንድታውቅ አይፈልጉም» የሚለው አነጋገር በጣም ይሠራል፤ እኔ ላይ ሠርቷል። ሐኪሙ ፊቱን ሲያዞርብኝ ቅር ብሎኝ ነበርና የምቆጣበት ሰው እፈልግ ነበር። የጸሐፊውን ስም «ፍርድ ቤት» ከሚል ቃል ጋር ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። ጊዜ አይወስድም።

ቁጥሮቹንም አትመኑ። መጽሐፌ «በ21 ቀን ሰውነትህ ይለወጣል» ይል ነበር። ይህ ቁጥር በ1960 (እ.ኤ.አ.) ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ከጻፈው ነው የመጣው። ታካሚዎቹ አዲስ መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው አስተውሎ ነው የጻፈው። ስለ ግፊት አልነበረም የሚያወራው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው አንድ ልማድ እስኪለመድ የሚፈጀውን ሲለኩ በአማካይ 66 ቀን ሆነ፤ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ይህን ማወቄ ደስ አሰኝቶኛል። በ21 ቀን ያልለመድኩት ነገር ስላለ ራሴን መውቀስ አቆምኩ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አሳዘነኝ። የመጽሐፉን እንግሊዝኛ ፈልጌ አገኘሁት። የመብት መግለጫው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ይህ መጽሐፍ የሐኪም ምክርን አይተካም፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ መድኃኒት አያቋርጡ የሚል ተጽፏል። እኔ ያነበብኩት የአማርኛው ቅጂ ላይ ያ ገጽ የለም። ቦታውን የያዘው የተርጓሚው ምስጋና ነው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት የምትተረጉሙና የምታሳትሙ ወገኖች ካላችሁ፣ እባካችሁ ያንን ገጽ አትዝለሉት። በትልቅ ፊደል ጻፉት። ስለ መድኃኒት የሚያወራውን ምዕራፍ ደግሞ ከመታተሙ በፊት ለአንድ ሐኪም አስነብቡት።

መጻሕፍቱን ሁሉ አትንኩ እያልኩ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለሙያዎች የመረጧቸውን የጤና መጻሕፍት ሐኪም ለታካሚው የሚመክርበት፣ ታካሚውም ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚዋስበት አሠራር አለ። ጭንቀትና ድባቴ ላይ የሚረዱ ጥሩ መጻሕፍት አሉ። ጥሩውን የምለይበት መንገድ አለኝ፤ ለማን እንደማይሆን ይናገራል፣ መቼ ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለብኝ ይነግረኛል፣ ካልሠራልኝ ጥፋቱን እኔ ላይ አይጥልም። በጣም ፈርቼ ባለሁበት ሰሞን ደግሞ ምንም ዓይነት የጤና መጽሐፍ አልገዛም። ያኔ የሚጠቅመኝ ሰው ነው።

እርምጃዬን አልተውኩም፤ ጨውም አልጨመርኩም። አምሎዲፒኑ ተስማምቶኛል። ግራ ዓይኔ ከሞላ ጎደል ተመልሷል፤ ደቃቅ ፊደል ላይ ብቻ ያስቸግረኛል። መጽሐፉን ያዋስኳት የስኳር ሕመምተኛ አክስቴ ነበረች። ገና አልጋ ላይ እያለሁ ነው የደወልኩላት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክኒኗን አላቆመችም ነበር።

በመጽሐፍም ሆነ በሰው ምክር መድኃኒት አቁማችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ዛሬ ሄዳችሁ ተለኩ። ደህና ነኝ ብላችሁ አትቆዩ፤ እኔም ደህና ነበርኩ። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመም ወይም የእጅ መዛል ካለ ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ተራ አትጠብቁ። የቀረውን ክኒን በራሳችሁ እጥፍ አድርጋችሁ አትዋጡ፤ ሐኪሙ ይወስን። የምትጠጡትን ቅጠል፣ ፌጦውንም ሽፈራውንም ጥቁር አዝሙዱንም፣ ሳትደብቁ ንገሩት። ለምን እንዳቆማችሁም ንገሩት። ካፈራችሁ የመጽሐፉን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አሳዩት። አንዱ ሐኪም ከተቆጣችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። ተቀምጦ የሚሰማችሁ አይጠፋም።